የአያት ደጅ ዘዴ

የካቲት 6፣ ሰኞ

ዛሬ ትምህርት ቤታችን በሰዓት ተለካ።

ከደብረ ማርቆስ አንድ ባለሙያ መጣ፤ አበባው ይባላል። ሰባተኛ ክፍል ሳለ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ያኔ ንፍጡን በእጅጌው ይጠርግ ነበር፤ አሁን የፕሮጀክት ሰው ሁኖ አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሏል። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ያስገባል፣ አንድ ገጽ ንባብ ያስይዛል፣ ሰዓቱን ጫን ያደርጋል። ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ «በቃ» ይላል። ልጁ ያነበበውን ቃል ቆጥሮ ቁጥሩን ይጽፋል። ይኸው ነው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አራት ዓመቴ ቢሆንም ከግቢው አልጠፋም። የልጅ ልጄን እስከዳርን ልወስድ ነው እያልሁ ቀድሜ ሄጄ አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ።

«አበባው፣ እስቲ እኔንም ለካኝ» አልሁት።

«ጋሼ አንሙት፣ እርስዎማ ከመለኪያው በላይ ነዎት።»

«ፈራህ?»

ሳቀና ወረቀቱን ሰጠኝ። መነጽሬን ጠርጌ አነበብሁ። ዘጠና አንድ ቃል። ታሪኩ ደረጀ ስለሚባል ልጅ ነው፤ ከአጎቱ ጋር ባሕር ዳርቻ ወርዶ ኮኮናት ይለቅማል።

«ይኼ ደረጀ አገሩ የት ነው?»

«ስሙን ብቻ ነው የቀየርነው ጋሼ፤ ታሪኩ እንደመጣ ነው። ዘዴው በሦስት አገር ተሞክሮ ውጤት አምጥቷል። ለማነጻጸር እንዲመች በሁለተኛውም ዙር ይኸው ገጽ ነው የሚነበብ።»

ወረቀቱን ለማስታወሻ ብዬ አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁት። አልከለከለኝም።

ልጄ ዘመናይ የዚያው ክፍል መምህርት ናት። ስድሳ አራት ልጅ ብቻዋን ታስተምራለች። ማታ ስትመጣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ከስድሳ አራቱ ሠላሳ ዘጠኙ ዜሮ። አንዲት ቃል የለም። ከሠላሳ ዘጠኙ አንዷ እስከዳር ናት፣ የገዛ ልጇ።

«ዜሮም እኮ ቁጥር ነው» አልኋት።

አልሳቀችም። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ።


የካቲት 8

ዳይሬክተሩ አማረ መምህራኑን ሰብስቦ ነበር። ዘመናይ እንደነገረችኝ ልጻፈው። ሁለተኛው ልኬት ከፋሲካ በፊት ነው። እስከዚያ ደካሞቹ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክፍል ይኖራቸዋል፤ ፕሮጀክቱ አንዲት ረዳት መምህርትና አንድ ሳጥን መጽሐፍ ሰጥቷል። ዜሮዎቹ ቀንሰው ትምህርት ቤቱ ግቡን ሲመታ ረዳቷም ሳጥኑም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ካልመታ ደግሞ የክፍሉ መምህርት በድልድል ትነሣለች። ትሄዳለች የተባለበት ቦታ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል፣ ከመኪና ወርዶ የአራት ሰዓት መንገድ በእግር የሚያስኬድ ቆላ ነው።

ዘመናይ ከሄደች እስከዳርም ትሄዳለች። ባሏ ሹፌር ነው፤ በወር አንድ ቀን ቢያድር ነው። እኔ እዚህ ምንም አልሆንም። ጎረቤት አለ። የልጅነት ጓደኛዬ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል አለ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህም ብቻዬን ማደር አላስቸገረኝም፤ እርግጥ ብቻዬን አድሬ አላውቅም።

የምጨነቀው ለራሴ አይደለም። ለልጆቹ ነው።


የካቲት 11፣ ቅዳሜ

የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፍቼ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ዋልሁ።

ስንቱን አሳልፌያለሁ። በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን ሰዎች የተቀዳውን ሥርዓተ ትምህርት አስተምሬያለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ሱፐርቫይዘር ሆንሁና «ሰልፍ ኮንቴይንድ» የሚባለው መጣ፤ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይይዛል፣ ልጅም በታችኞቹ ክፍሎች አይወድቅም። ማኑዋሉ ላይ የነበረው ፎቶ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ። የሩቅ አገር ክፍል ነው። ሃያ ልጅ፣ ክብ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ይስቃሉ። ያንን ፎቶ ይዤ በፈረስም በጭነት መኪናም ከአማኑኤል እስከ ደምበጫ ዞሬ አሠልጥኛለሁ። አንድ መምህር ተነሥቶ «ሰባ ልጅ ነው ያለኝ፤ ማንበብ ያልቻለውን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «አሳልፈው፤ የሚቀጥለው መምህር ይጨነቅበት» ብዬ አዳራሹን በሳቅ አፈረስሁት። እሱ ግን አልሳቀም ነበር። ቆሞ ቀረ። መልሱን ሊጽፍ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ መጣ። መምህሩ በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ከስክሪን ውስጥ ሁኖ ያስተምራል፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ዘመናይ ያንን እያየች ነው ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰች። ከዚያ አንድ ለአምስት መጣ። አሁን ሰዓት መጣ።

መሪጌታ አንዴ «ይህን ሁሉ የሚልክልህ ማነው?» ብሎኝ ነበር።

«ሰልባጅ ነው መሪጌታ። ኮቱ ያምራል፤ ትከሻው የሌላ ሰው ነው» አልሁት። እጅግ ሳቀ። እኔ ግን ለሠላሳ ዓመት የሰልባጁ ነጋዴ እንደነበርሁ አልነገርሁትም። ያውቃል መሰለኝ።


የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ጾሙ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ እስከዳር ለዶሮዎቹ ገብስ ስትበትን እሰማለሁ፤ «አንድ ቀን ደረጀ ከአጎቱ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ» ትላለች። ቀጠለች። ባሕሩን፣ ጀልባውን፣ ኮኮናቱን፣ አንድም ሳታስቀር እስከ መጨረሻው ወረደችው።

«ይህን ማን አነበበልሽ?»

«ማንም። መስኮቱ ሥር ተሰልፈን ተራ ስንጠብቅ ከውስጥ ሲያነቡ ሰማሁ። ሃያ ልጅ ነው ያነበበው። መጀመሪያ ሶልያና፣ ከዚያ ሌሎቹ።»

«ታዲያ ተራሽ ሲደርስ ለምን አላልሽውም?»

«አበባው ወረቀቱን አንብቢ አለኝ እንጂ በይ አላለኝም።»

ሐቀኛ ልጅ ናት።

«አባባ፣ ኮኮናት ምንድን ነው?»

«ዛፍ ላይ የሚበቅል ዱባ ነው። ሲወድቅ የሰነፍ ተማሪ ጭንቅላት ፈልጎ ነው።»

ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ ሮጠች። እኔ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ብዙ አየሁት።


የካቲት 20፣ ሰኞ

ከጀመርሁ አምስት ቀን ሆነኝ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ልጆቹን ደጄ ላይ፣ በጭቃው መደብ ላይ ደርድሬ አስቀመጥኋቸው። መጀመሪያ ዘጠኝ ነበሩ፣ ዛሬ ሃያ ሦስት ሁነዋል። ሶልያና ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እኔና መሪጌታ ልጅ ሳለን ንባብ ቤት እንደተማርነው። ዜማ እንዳይሆን ተጠንቅቄአለሁ፤ ዜማ ከሆነ አበባው ያውቅብናል።

ቃሉን መያዝማ ቀላል ነው። በሦስት ቀን ያዙት። አስቸጋሪው ጣት ነው። አፉ «ጀልባ» ሲል ጣቱ «ጀልባ» ላይ መሆን አለበት፤ አፉ ቀድሞ ጣቱ ከቀረ ተያዝን። ስለዚህ የማሠለጥነው ጣት ነው። ወረቀቱን በትልቅ ካርቶን ላይ ገልብጬ በእንጨት እየጠቆምሁ፣ ጣታቸው እንደ በሬ በትልሙ እንዲሄድ፣ መስመሩ ሲያልቅ እንዲዞር አደርጋለሁ።

ለዘመናይ «ንባብ እያለማመድኋቸው ነው» አልኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለችና እጄን ሳመችኝ።

ሽማግሌ ሰው እጁ ሲሳም ይደነግጣል እንዴ? እኔ ደነገጥሁ።


የካቲት 28

ሠላሳ አንድ ልጅ። ደጄ ሞቅ ብሏል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት እነ አበረ ቤት እንኳ ጩኸቱ ይሰማል አሉ።

እስከዳር ከሁሉም ትበልጣለች። ሶልያና ስትታመም እሷ መራች።


መጋቢት 5

ረዳቷ መምህርት የኔአለም ቤቴ ድረስ መጣች። ገና ከኮሌጅ የወጣች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ከእኔ ክፍል ቀርተዋል። ከሠላሳ ዘጠኙ ዛሬ አራት ብቻ መጡ።»

«አንቺ ዘንድ ምን ይማራሉ?»

«ፊደል። ከ‹ሀ› ነው የጀመርሁት፤ አሁን ‹ነ› ላይ ነን። ቀስ እያልን ነው። ሁለቱ ልጆች በራሳቸው ‹ማማ› ብለው አነበቡልኝ።»

«እኔ ዘንድ ባሕር ደርሰዋል፤ አንቺ ‹ነ› ላይ ነሽ» አልኋት።

ፊቷ ቀላ። «እሺ ጋሼ» ብላ ሄደች። ከሄደች በኋላ ሁለት ልጅ «ማማ» ብሎ ማንበቡ ስንት ቀን እንደፈጀባት ላስብ ጀመርሁና ተውሁት። ጊዜ የለም። ከፋሲካ በኋላ ሁሉም ወደ እሷ ይመለሳሉ፤ ፊደሉን በሰላም ይማሩታል። ዘመናይ ቦታዋ ላይ ትሁን ብቻ። ለእኔ ብዬ አይደለም።


መጋቢት 15

ከመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ጋር ከቅዳሴ ወጥተን አብረን መጣን።

«አንሙት፣ ንባብ ቤት ከፈትህ አሉ። እንጀራዬን ልትሻማ ነው?»

«ከአንተ ጋር የተማርሁትን ነው የማደርገው። በቃል አስይዛለሁ።»

«እኔስ በቃል አስይዤ መች እተዋለሁ? በማግስቱ ከታች ወደ ላይ አስቆጥረዋለሁ። ከመሐል በስንደዶ ጠቁሜ ‹ይኼስ ማነው?› እለዋለሁ። ሳያውቅ በቃሉ ያለ እዚያ ላይ ይታወቃል። አንተ ይህን ታደርጋለህ?»

«ያለኝ ስልሳ ሰከንድ ነው።»

«እንግዲያስ ከእኛ ግማሹን ነው የወሰድኸው» አለኝ። ቆም ብሎ አየኝ። «አንተ ሰልባጅ እያልህ ስትሰድብ የነበረው እንዲህ ያለውን አይደል?»

ስለ ጓያ ቂጣ ሌላ ወሬ አመጣሁ።


መጋቢት 24

የመጨረሻ ሳምንት። ሁሉም ሳይሳሳት ካነበበ ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ስሕተት አከፋፈልሁ። አንተ «ጀልባ» ላይ ትሰናከላለህ። አንቺ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳል ይይዝሻል። እናንተ አራታችሁ ከግማሹ አታልፉም። አንዱ ትንሽ ልጅ «እኔስ የቱን ልሳት?» ብሎ ለመነኝ፤ ድርሻ የቀረበት መስሎት። ሳቄ መጣ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ልጆቹም አብረው ሳቁ።

እንዲህ የሳቅሁት መቼ ነበር? ይህን መጻፍ አልነበረብኝም።


መጋቢት 28፣ ሐሙስ

አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ በመስኮቱ እሰማለሁ። ጣታቸውን አላይም። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር። አበባው «በቃ» ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ተራ ነበር፣ ኋላ የገረመው ይመስላል፣ ከዚያም ደስ አለው። አበባው በልጅነቱም ለሰው ደስ የሚለው ነበር።

እስከዳር ሰባ ሁለት ቃል።

ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አባባ፣ አነበብሁ» አለችኝ።

«አልሽው» ልላት ነበር። «ጎሽ» አልኋት።


ሚያዝያ 9

ፋሲካ በደኅና አለፈ። ዘመናይ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሰማሁ። ጥሩ ነው።


ሚያዝያ 18፣ ረቡዕ

ውጤት መጣ። ዜሮ ያገኘ ልጅ ሦስት ብቻ። ግቡን አልፈናል። አማረ በሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ፤ ዘመናይን አስጨበጨበላት፤ ለልጆቹም ለእያንዳንዳቸው «አንባቢ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጠ። እስከዳር የእሷን በላስቲክ አስጠቅልላ ከአልጋዋ በላይ ሰቅላዋለች።

ዘመናይ አትነሣም። ቀረችልኝ። ቀረችላቸው ማለቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ የኔአለም ሳጥኑን በባጃጅ ጭና ሄደች። ግባችን ተመትቷል፤ እዚህ አታስፈልግም ተባለ። መንገድ ላይ አግኝታኝ ዝቅ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ቂም የላትም።

ከፋሲካ በኋላ ወደ እሷ ይመለሳሉ ብዬ ጽፌ ነበር። የካቲት 8 ላይም ግቡ ሲመታ ረዳቷ እንደምትሄድ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። ሁለቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። አላገናኘኋቸውም። ወይስ ማገናኘት አልፈለግሁም?


ሚያዝያ 24

ዘመናይ ዛሬ የሳይንስ መጽሐፍ አስገልጣ ልጆቹን አንድ በአንድ አስነሣቻቸው። ጎበዞች ናቸዋ፤ የምስክር ወረቀት አላቸው።

ማታ መጣች። ደጅ መደቡ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። 

«አባባ፣ ጣታቸውን ማን አስተማራቸው?»

መነጽሬን አውልቄ በጋቢዬ መጥረግ ጀመርሁ።

«አፋቸው ዝም ብሎ ጣታቸው ብቻ ይሄዳል። ምንም ሳይሉ ጣታቸው መስመሩን ይጨርስና ይዞራል። ሠላሳ ጣት። ክፍሌ ውስጥ ቆሜ ያንን አየሁ።»

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

«ቆላ ብሄድ የምሄድ እኔ ነበርሁ» አለች። «እነሱ የንባብ ክፍላቸው ይቀርላቸው ነበር። ሌላ መምህር ይመጣላቸው ነበር።»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። እራት አቀረበችልኝ፤ ወጡንም አሞቀችልኝ።


ሚያዝያ 25

ለአማረ ልትነግረው ሄዳ ተመለሰች። ሪፖርቱ ሄዷል አላት። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል። «ከዚህ በኋላ ብታነሺው አንቺም እኔም አባትሽም በማጭበርበር ነው የምንጠየቅ» አላት። እሷ ትጠየቅ እንደሆነ ግድ የላትም፤ አባትሽ ሲላት ነው የተመለሰች።


ሚያዝያ 30

የባሰ መጣ።

አበባው ውጤቱ እንዴት እንደተገኘ ሊያጠና መጥቶ ከልጆቹ ጋር ተነጋግሮ ነበር። «የት ተማራችሁ?» ሲላቸው «ጋሼ አንሙት ደጅ» ብለዋል። ሐቀኞች ናቸው። አሁን ስም ወጥቶለታል፤ «የአያት ደጅ ዘዴ»። አያቶች በየደጃቸው ልጆችን በቡድን ያስነብባሉ፣ ወጪ የለውም፣ ረዳት መምህር አያስፈልገውም። ሰባት ገጽ ማኑዋል ተጽፎለታል። በእንግሊዝኛም።

ረዳት መምህር አያስፈልገውም የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ከሁለት የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ዘዴውን ወደ አገራቸው ሊወስዱት ነው።


ግንቦት 6

እንቅልፍ የለኝም። የዚያን ፎቶ ነገር ሳስብ ነው የማነጋው። የክብ ጠረጴዛውን፣ የሃያዎቹን ልጆች። እኔ ያንን ፎቶ ይዤ ስንት መምህር አሳምኛለሁ። ፎቶው ከመነሣቱ በፊት እነዚያን ልጆች እንዲህ ተቀመጡ፣ እንዲህ ሳቁ ያላቸው ማን ነበር? ልጁ እንዳትርቅበት የፈራ አንድ ሽማግሌ እዚያም ይኖር ይሆን? ከዚያ እኔ እዚህ አመንሁት። አሁን ደግሞ በሌላ አገር የማላውቀው ሱፐርቫይዘር የእኔን ደጅ ፎቶ ይዞ በየገጠሩ ሊዞር ነው። አንድ መምህር ተነሥቶ ይጠይቀዋል። እሱም ይቀልድበታል።

እነግራቸዋለሁ። በሁሉም ፊት። እኔ ነኝ ያደረግሁት ካልሁ ዘመናይን ማን ይጠይቃታል?


ግንቦት 8፣ ማክሰኞ

ስድስት እንግዶች መጡ። ደጄ ተጠርጓል፤ ሣር ተጎዝጉዟል። ልጆቹ መደቡ ላይ። አማረ «እኚህ የአካባቢያችን አንጋፋ መምህርና የታወቁ ቀልደኛ ናቸው» ብሎ አስተዋወቀኝ። አበባው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ እንግዶቹ ፈገግ አሉ።

ልጆቹ አሉት። ደረጀ ባሕር ወረደ።

ከዚያ ተነሣሁ። «እነዚህ ልጆች ማንበብ አይችሉም» አልሁ። «ገጹን በቃላቸው ነው የያዙት። ጣታቸውን ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱን እንኳ ያከፋፈልሁ እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም ነበር። ይህን ይዛችሁ አትሂዱ።»

አበባው ወደ እኔ አየ። ከዚያ ተረጎመው። አልዋሸም፤ እኔም እንግሊዝኛ አይጠፋኝም፣ ቃል በቃል ነው የተረጎመው።

ሳቁ።

መጀመሪያ አማረ ሳቀ፣ ከዚያ እንግዶቹ። ስሕተት ማከፋፈሉ በጣም አስደሰታቸው። አንዲት ትልቅ ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች «በእኛም አገር አያቶች እንዲህ ናቸው፤ ሥራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ» አለች። ደግሜ ልናገር ስል አጨበጨቡልኝ። አንዱ እንግዳ ሜትር አውጥቶ የመደቤን ርዝመትና ቁመት ለካ፤ በማስታወሻው ጻፈ። የጭቃውንና የጭዱንም ልክ ጠየቀኝ። ነገርሁት።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሳስቅ ኖርሁ። ዛሬ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ እንዲያምኑኝ ፈለግሁ።

ሲሄዱ አበባው ወደኋላ ቀረ። ጫማውን እያየ «ሰምቻለሁ ጋሼ» አለኝ።

«ታዲያ?»

«ውጤቱን ላጠና የመጣሁ ቀን ነው የጠረጠርሁ። የፕሮጀክቱ ዘመን ግን ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ይህ ውጤት ከሌለ አይራዘምም። እኔም ሁለት ልጅ አለኝ።»

ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት። ምን ልለው እችላለሁ? የተማረው እኔ ዘንድ ነው።


ግንቦት 12

መሪጌታ መጥቶ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ እንኳ ቢስቅልኝ። አልሳቀም።

«እስከዳርን እኔ ዘንድ ላካት» አለ።

«አትሄድም። ጠይቄአታለሁ። ‹እኔ ጨርሻለሁ› አለችኝ።»

በመቋሚያው መሬት መሬቱን ሲጭር ቆይቶ ሄደ።


ግንቦት 17፣ ሐሙስ

የዘመናይ ደብዳቤ መጣ። አሠልጣኝ ሁናለች። «የአያት ደጅ ዘዴ»ን በሦስት ወረዳ ለመምህራን ታሠለጥናለች፤ ከአሁን እስከ ክረምቱ መጨረሻ። መጀመሪያ ወደ መርጡለ ማርያም ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ ቆላው ትወርዳለች።

«እምቢ በይ» አልኋት።

«እምቢ ብል ምክንያቱን ይጠይቁኛል።»

«ንገሪያቸዋ።»

«ነግረዋቸው የለ?» አለችኝ። ስድብ አይደለም። እውነቷን ነው።


ግንቦት 19፣ ቅዳሜ

ዘመናይ ማልዳ ሄደች። ሰባት ገጹን ማኑዋል ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየኋት፤ ሽፋኑ ላይ ደጄ አለ፣ እኔም አለሁ፣ ልጆቹም አሉ፣ ሁሉም ይስቃሉ። እስከዳርን ትምህርት እስኪዘጋ ከእኔ ጋር ተወቻት። አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲቆም «አባባ፣ እሷን እንኳ ያስተምሩልኝ። በእውነት» አለችኝና ገባች።

ተመልሼ ከጎረቤት የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ተዋስሁ። መሐሉን ገለጥሁት። ስለ አንዲት ላም ነው፤ አራት መስመር። እስከዳርን ጠራኋት።

«አንብቢልኝ።»

«ይኼ የሁለተኛ ክፍል ነው። እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። ለእኔ ብለሽ አንብቢልኝ።»

እናቷ በመሄዷ ከፍቶኝ መስሏት አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ተጠግታኝ ተቀመጠች። መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ጀርባዋን ቀና አደረገች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ገጹን አየችው። ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ።  ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አልፈራችም፣ አላፈረችም፤ ረስቼ እንደሆነ ልታስታውሰኝ ያህል ነው።

«አባባ፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ይበሉልኛ፤ ከዚያ እኔ አነበዋለሁ» አለችኝ።

አላልሁላትም። «ሀ» ብዬ ልጀምር ስል ደግሞ «ይኼማ የሕፃናት ነው» አለችኝ፤ መጽሐፉን ግን አልዘጋችም፣ አልተነሣችም። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው።